ነቀዝ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ተመሳሳይ ጢንዚዛዎችን በአካላቸው መለየት



ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። ለኢፍጣር ሾርባ የተለገሰውን ስንዴ ሊያበጥሩ ወደ ዕቃ ክፍላችን የገቡ እህቶች የመጀመሪያውን ጆንያ ፈቱና ወዲያው መልሰው አሰሩት። ስንዴው ይንቀሳቀስ ነበር። አጠገቡ ያለውን የሳምቡሳ ዱቄት ሲያዩት እሱም ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር አለ። ሽምብራው ደግሞ ፍሬው ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ወጥቶበታል።

ጉዳዩ ማታውኑ ለስብሰባ ቀረበ። አንዱ ወንድም «ሁሉም ይጣል» አለ። ሌላው «ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ነቀዝ ሙቀት አይችልም» አለ። ሦስተኛው ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ገዝተን በጆንያዎቹ መሃል እንድናስቀምጥ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ብዙዎቻችንን ሊያሳምነን ተቃርቦ ነበር። ዕቃ ክፍሉ ግን ተማሪዎች ከሚተኙበት ዶርም ጋር ግድግዳ ይጋራል። እህሉም የግላችን አይደለም፤ ሰዎች አምነው የሰጡን አማና ነው። ሳናጣራ መጣልም፣ ሳናጣራ መርዝ ማስገባትም የሚከብደው ለዚህ ነው።

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ የሆነ አንድ ወንድማችን እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ አዳመጠና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ለመሆኑ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ነቀዝ ነዋ!» አልነው። እሱም ከየጆንያው አንድ አንድ ጭብጥ አምጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፈና ማጉያ መነጽር አቀበለን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት ጀምሮ የተማርነው ነው። አብዛኞቻችን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለሆንን የባዮሎጂ ሊቅነት አንሞክርም። ሆኖም ዶርም ውስጥ በሶ ወይም ቆሎ የሚያስቀምጥ፣ ቤተሰቡ ጎተራ ወይም ጆንያ ያለው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል ብለን እናምናለን።

አንድ አካል፣ የተለያየ ነጥብ

በመድረሳ ቁርኣን መቅራት ስንጀምር ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት መካከል ባ፣ ታ እና ሳ ይገኛሉ። የሦስቱም አካል አንድ ነው። ባ ከሥሯ አንድ ነጥብ አላት፣ ታ ከላይዋ ሁለት፣ ሳ ደግሞ ከላይዋ ሦስት። ልጅ ሆነን አካሉን ብቻ አይተን ስናነብ ኡስታዞቻችን «ነጥቡን እየው!» እያሉ ይመልሱን ነበር። ተመሳሳይ ጢንዚዛዎችን መለየትም እንደዚሁ ነው። አጠቃላይ መልክ ወደ ቤተሰቡ ያደርሳል፤ ዝርያውን የሚለየው ግን ትንሽ ምልክት ነው። የትኛው ምልክት አስተማማኝ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያሳስት ማወቅ ደግሞ ዋናው ትምህርት ነው።

ጢንዚዛዎች በምድር ላይ ካሉ የነፍሳት ምድቦች ሁሉ ብዙ ዝርያ ያላቸው ናቸው። እስከ አሁን ስም የወጣላቸው ብቻ ከ350 ሺህ በላይ ናቸው። የሁሉም መለያ የፊት ክንፋቸው ወደ ጠንካራ ሽፋን መለወጡ ነው። ይህ ሽፋን ጀርባቸው ላይ እንደ ሁለት ክዳን ይገጥምና ለበረራ የሚያገለግለውን ስስ የኋላ ክንፍ ከሥሩ ይጠብቃል።

ወረቀቱ ላይ የተዘረገፈው ሲታይ ሦስት ዓይነት መልክ ወጣ። ከስንዴው የመጣው ፊቱ ላይ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደፊት የተዘረጋ አፍ አለው። ከዱቄቱ የመጣው ኩምቢ የለውም፤ ቀይ ቡናማ ሆኖ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው። ከሽምብራው የመጣው ደግሞ አጠር ብሎ ደንደን ያለ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች የደፋ ነው። የክንፍ ሽፋኑም የሆዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንለትም። አማርኛችን ሦስቱንም «ነቀዝ» ይላቸዋል እንጂ ሦስቱ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። አኗኗራቸውም የተለያየ ነው።

ባለ ኩምቢዎቹ፦ ሦስት ወንድማማቾች

ኩምቢ ያላቸው የእህል ነቀዞች ሲቶፊለስ በሚባል ወገን ውስጥ ይመደባሉ። በዓለም ጎተራዎች ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ሦስት ዝርያዎች ናቸው፦ የጎተራ ነቀዝ (ሲቶፊለስ ግራናሪየስ)፣ የሩዝ ነቀዝ (ሲቶፊለስ ኦሪዜ) እና የበቆሎ ነቀዝ (ሲቶፊለስ ዘያማይስ)። ስማቸው ግን እንዳያታልላችሁ። «የሩዝ» የተባለው ስንዴና ማሽላ ይበላል፣ «የበቆሎ» የተባለውም ስንዴና ሩዝ ይበላል። በየትኛው እህል ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ማንነቱን አይመሰክርም።

የሦስቱም ኑሮ ይመሳሰላል። ሴቷ በኩምቢዋ ጫፍ ባለው አፏ ፍሬውን ትቦረቡርና እንቁላሏን ከታ ቀዳዳውን በሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። እግር የሌለው እጭ እዚያው ፍሬው ውስጥ እየበላ ያድጋል። ሙቀቱ ከተመቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ገደማ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ፣ ዳሩ የተሸራረፈ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ስንዴ ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ውጭ የምታዩዋቸው ነቀዞች ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ናቸው።

ከሦስቱ መለየት የሚቀለው የጎተራ ነቀዝ ነው። ጀርባውን ተመልከቱ፦ ወጥ የሆነ ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ነጥብ የለውም። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ያለው የደረት ጋሻ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ የጎተራ ነቀዝ ጉድጓዶች ሞላላ ናቸው። ዋናው ልዩነት ግን ከክንፍ ሽፋኑ ሥር ነው። የሽፋኑ ሁለት ክዳኖች የተጣበቁ ናቸው፤ ከሥራቸውም ለመብረር የሚያገለግል ክንፍ የለም። ይህ ጢንዚዛ አይበርም። የሚኖረው ሰው ባከማቸው እህል ውስጥ ነው፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውም ሰው ሲያጓጉዘው ነው። የሚበረታው ቀዝቀዝ ባለ አየር ነው። በጥንታዊት ግብጽ መቃብሮች ከተቀመጠ እህል ጋር ተገኝቷልና ከሰው ጋር የኖረበት ዘመን ረጅም ነው።

የሩዝና የበቆሎ ነቀዞች ግን ክንፍ ሽፋናቸው ላይ አራት ቀይ ብርቱካናማ ነጥቦች አሏቸው፤ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ ሁለት ሁለት። የደረት ጋሻቸው ጉድጓዶችም ክብ መሰል ናቸው። ሁለቱም መብረር ይችላሉ። በተለይ የበቆሎ ነቀዝ በቆሎው ገና ማሳ ላይ እያለ በርሮ ሄዶ እንቁላሉን ሊጥልበት ይችላል። ስለዚህ ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ከጎተራ ሳይሆን ከማሳ ተነሥቶ ይመጣል።

በዩሱፍ (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ የታጨደው እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ መታዘዙን በመድረሳ ሁላችንም ሰምተናል። በቆሎ ላይም የሚታይ ነገር አለ፦ ሸፈኑ ጫፉን ድረስ ጥብቅ አድርጎ የሸፈነው በቆሎ ሸፈኑ ክፍት ከሆነው ያነሰ በነቀዝ ይጠቃል።

ከስንዴያችን የተገኙት ሁሉ ባለ አራት ነጥብ ነበሩ። የጎተራ ነቀዝ አለመሆናቸው ታወቀ። ቀጣዩ ጥያቄ «ከሁለቱ የትኛው ነው?» የሚለው ሆነ። የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው።

ካሊፐራችን ያሳሳተን ቦታ

የበቆሎ ነቀዝ ከሩዝ ነቀዝ በአማካይ ተለቅ ይላል፣ ነጥቦቹም ደመቅ ይላሉ። ይህን ስንሰማ እኛ ኢንጂነሮቹ ደስ አለን። ካሊፐር አመጣን፣ እየለካን መዘገብን፣ «ከዚህ በላይ የሆነው የበቆሎ፣ ከዚህ በታች የሆነው የሩዝ» የሚል መስመር ልናሰምር ሞከርን። መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ አጣን። የሩዝ ነቀዝ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የበቆሎ ነቀዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና መሃል ላይ ይደራረባሉ። በዚያ ላይ ትንሽ ፍሬ ውስጥ ያደገ የበቆሎ ነቀዝ ትንሽ ሆኖ ይወጣል፤ ትልቅ ፍሬ ውስጥ ያደገ የሩዝ ነቀዝ ደግሞ ይፋፋል። የነጥቦቹ ድምቀትም በእያንዳንዱ ነቀዝ ይለያያል። መለኪያችን ትክክል ነበር፤ የለካነው ነገር ግን ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

በዚህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሊኒየስ የሩዝ ነቀዝን በ1763 ስም ሰጠው። የበቆሎ ነቀዝ ደግሞ በ1855 በሞትሹልስኪ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች ሁለቱን የአንድ ዝርያ «ትልቅ» እና «ትንሽ» ዓይነት አድርገው ሲያዩዋቸው ኖሩ። ስሞቹም ተቀላቀሉ። ኩሼል የተባለ የነቀዝ ተመራማሪ በ1961 የስሞቹን ምስቅልቅል ካጠራ በኋላ ነው ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው በሰፊው የተረጋገጠው። ከዚያ በፊት የታተሙ ጽሑፎችን ስታነቡ «የሩዝ ነቀዝ» የተባለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የምትቸገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጠን የተሻለ የውጭ ምልክት የደረት ጋሻው ላይ ይገኛል። በጥሩ ማጉያ ከላይ ሲታይ የሩዝ ነቀዝ የጋሻው መሃል ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ጉድጓድ የሌለበት ጠባብ መስመር አለው። የበቆሎ ነቀዝ ግን ጉድጓዶቹ ተቀራርበው መሃሉንም ጭምር ይሞሉታል። በመሃል መስመሩ ዙሪያ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ሲቆጠሩ የበቆሎ ነቀዝ ጉድጓዶች ከ20 ይበልጣሉ፣ የሩዝ ነቀዝ ግን ከ20 ያንሳሉ። ጥሩ ምልክት ነው፤ 19 እና 21 የቆጠረ ሰው ግን እርግጠኛ ነኝ ሊል አይችልም።

እርግጠኛው ምልክት ውስጥ ነው

ለእርግጠኝነት የሚኬድበት መንገድ የመራቢያ አካልን ማየት ነው። ብዙ ተመሳሳይ ጢንዚዛዎች የሚለዩት በዚህ ነው። ውጫዊ መጠን በምግብና በሙቀት ይለዋወጣል፤ የዚህ አካል ቅርጽ ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያል፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ግን ብዙም አይዋዥቅም።

መጀመሪያ ጾታውን መለየት ያስፈልጋል። የወንዱ ኩምቢ አጠር፣ ወፈርና ሸከር ያለ ነው። የሴቷ ረዘም፣ ቀጠንና ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ የሞተውን ነቀዝ ለብ ባለ ውሃ አለስልሶ በቀጭን መርፌ የሆዱን ጫፍ መክፈት ነው። በወንዱ ውስጥ ያለው ቱቦ መሰል አካል የላይኛው ገጽታው የሩዝ ነቀዝ ከሆነ ለስላሳና ወጥ ሆኖ ወደ ላይ የጎበጠ ነው። የበቆሎ ነቀዝ ከሆነ ግን በርዝመቱ የሚሄዱ ሁለት ቦዮች አሉት። በሴቷ ውስጥ ደግሞ ባላ የሚመስል ጠንካራ ቁራጭ አለ። የሩዝ ነቀዝ የባላው ሁለት ጣቶች ወፍራም፣ ጫፋቸው ዶልዳማና የተቀራረቡ ናቸው። የበቆሎ ነቀዝ ጣቶች ጫፋቸው ሾል ብሎ ተራርቀው ይቆማሉ።

ወንድማችን ዲፓርትመንቱን አስፈቅዶ ከስንዴያችን የወሰዳቸውን ጥቂት ወንዶች ማይክሮስኮፕ ሥር ሲከፍት ዙሪያውን ቆመን አየን። ሁለቱ ቦዮች ግልጽ ሆነው ታዩ፤ የበቆሎ ነቀዝ ነበሩ፣ በስንዴ ውስጥ። ከእኛ አንዱ ወዲያው «እንግዲህ ጆንያው በሙሉ የበቆሎ ነቀዝ ነው» ብሎ ሊጽፍ ሲል ወንድማችን ከለከለው። ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ጆንያ ውስጥ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። የከፈትናቸው የበቆሎ ነቀዝ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ያልከፈትናቸው «ባለ አራት ነጥብ ሲቶፊለስ» ናቸው። ካየነው በላይ አንጽፍም።

ዱቄቱ ውስጥ ያሉት

በዱቄት ውስጥ የሚገኙት ጠፍጣፋ ቀይ ቡናማ ጢንዚዛዎች ትሪቦሊየም ይባላሉ። ከእነሱም ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፦ ቀዩ የዱቄት ጢንዚዛ (ትሪቦሊየም ካስታኒየም) እና «ግራ አጋቢው» የዱቄት ጢንዚዛ (ትሪቦሊየም ኮንፊዩሰም)። ሁለተኛው ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው ጋር ስለሚምታታ ነው። ሁለቱም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ቀለማቸውም አንድ ነው።

እነዚህን ለመለየት መክፈት አያስፈልግም። ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ።

አንደኛው አንቴናው ነው። የቀዩ አንቴና ቀጭን ሆኖ ይሄድና የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች በድንገት አብጠው የዱላ ራስ ይመስላሉ። የግራ አጋቢው ግን ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ እብጠቱ የት እንደጀመረ ለማመልከት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ዓይኑ ነው። ጢንዚዛውን በጀርባው አስተኝታችሁ ጭንቅላቱን ከሥር እዩት። በቀዩ ላይ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ዓይን ስፋት ያህል ነው። በግራ አጋቢው ላይ ርቀቱ የአንድ ዓይን ስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ይህ እኛ ኢንጂነሮቹ የወደድነው ምልክት ነው፤ ጢንዚዛው ቢተልቅም ቢያንስም ንጽጽሩ አይለወጥም። ካሊፐሩ ያሳጣንን ክብር እዚህ ጋር አስመለስን።

የእኛዎቹ ቀዩ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ለኑሮም ትርጉም አለው፦ ቀዩ በሙቅ አየር ይበርራል፣ ግራ አጋቢው አይበርም። ሁለቱም ደህና የሆነ ሙሉ ፍሬን መቦርቦር አይሆንላቸውም፤ የሚኖሩት በዱቄት፣ በክክና ሌላ ነፍሳት በሰባበረው እህል ነው። ሲበዙ የሚያወጡት ኬሚካል ዱቄቱን ሐምራዊ መሰል ቀለምና የሚሰነፍጥ ሽታ ይሰጠዋል።

ሽምብራው ላይ ያሉት

የጥራጥሬ ጢንዚዛዎች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። በአገራችን ሽምብራ ላይ የታወቀው ካሎሶብሩከስ ቻይነንሲስ የሚባለው ነው። ወንዱን በአንቴናው ትለዩታላችሁ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የወጣለት ነው። የሴቷ እንደ መጋዝ ብቻ ነው። የደረት ጋሻው ከክንፍ ሽፋኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ሁለት ነጫጭ እብጠቶች አሉት። የቅርብ ዘመዱ ካሎሶብሩከስ ማኩላተስ የወንዱም የሴቷም አንቴና መጋዝ መሰል ነው እንጂ ማበጠሪያ አይሆንም፤ በሴቷ ሽፋን ላይም ጥቁር ትላልቅ ምልክቶች ጎልተው ይታያሉ።

አንዳንድ ጊዜ ዋናው ምልክት ጢንዚዛው ላይ ሳይሆን የተወው ዱካ ላይ ነው። የካሎሶብሩከስ ሴት እንቁላሏን ሽምብራው ቆዳ ላይ ትለጥፋለች። ነጭ ጠብታ መስሎ በዓይን ይታያል። ቦሎቄ ላይ የሚገኙትን ሁለት ጢንዚዛዎችም በዚህ መለየት ይቻላል። ዛብሮቴስ የተባለው እንቁላሉን ፍሬው ላይ ሲለጥፍ፣ አካንቶሴሊደስ የተባለው ግን በፍሬዎቹ መካከል እንዲሁ ይበትነዋል። ስለዚህ ቀዳዳ ያለበት ነገር ግን የተለጠፈ እንቁላል የሌለበት ቦሎቄ ካያችሁ ወደ አካንቶሴሊደስ ተጠራጠሩ። የኋላ እግሩን ጭን በማጉያ እዩ፤ አንድ ትልቅ ጥርስና ከጎኑ ትናንሽ ጥርሶች ካሉት ጥርጣሬያችሁ ይጠናከራል።

መለየቱ ምን ጠቀመን?

ሦስቱ ጆንያዎች ሦስት የተለያየ መልስ አገኙ።

ሽምብራውን የበላው ጢንዚዛ ስንዴውን አይነካም፤ የስንዴውም ሽምብራውን አያጠቃም። አንዱ ሌላውን አልበከለም ማለት ነው። ሙሉ ጢንዚዛው ደረቅ ሽምብራ አይበላም፤ ዕድሜውም ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ፍሬው ውስጥ ያለው እጭ ነው። ስለዚህ በወንፊት መንፋት ብቻውን አይረዳም፤ ሙቀቱ እስከ ውስጥ መድረስ አለበት። «ፀሐይ ላይ ይሰጣ» ያለው ወንድማችን ግማሽ ትክክል ነበር። በቀላሉ ቢሰጣ ጢንዚዛዎቹ ወደ ጥላ ይሸሻሉ፣ እጩም ፍሬው ውስጥ ይተርፋል። እኛ ከሥር ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ አድርገን፣ ሽምብራውን በስሱ መሃል አነጠፍነውና ጠርዙን በድንጋይ ዘጋነው። ከላብ የተዋስነውን ቴርሞሜትር ፍሬዎቹ መሃል አስገባን። ሙቀቱ ከ57 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉንም እጩንም ይጨርሳል። የኛ ሥራ ቁጥሩ እዚያ መድረሱንና መቆየቱን ማረጋገጥ ነበር።

ስንዴውም ውስጡ እጭ ስላለ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገውን በዚሁ መንገድ አሙቀን፣ ነፍተን፣ የተቦረቦረውን ውሃ ላይ በማንሳፈፍ ለይተን አጥበነዋል። የቀረውን ፒክስ በሚባለው ከረጢት ከተትነው። ይህ ከረጢት ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ተራ ጆንያ ውስጥ ተደራርበው የሚሠራ ነው። ሐሳቡ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን የጀመረ ሲሆን አሁን በአገራችንም ይሸጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በደንብ የደረቀ እህል ይሞላል፣ አየሩ እየተጨመቀ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ውስጥ ያሉት ነፍሳት የቀረውን ኦክስጅን ራሳቸው ይጨርሱትና መብላት አቁመው ይሞታሉ። እየፈቱ መዝጋት ግን አየር ያስገባልና ያበላሸዋል።

ዱቄቱ ለየት ያለ ነው። በወንፊት ሲነፋ ጢንዚዛውና ትልልቁ እጭ ይቀራል፤ እንቁላሉ ግን ከዱቄቱ ጋር ያልፋል። ሽታው የተለወጠውን አንድ ጆንያ አወገድነው። ሽታም ቀለምም ያልለወጠውን ነፍተን ቶሎ ጥቅም ላይ አዋልነው። ዱቄት በትንሽ መጠን ለሚያስቀምጥ ሰው የሚሻለው ማቀዝቀዣ ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት ቢቀመጥ እንቁላሉም ይሞታል።

ስለ ክኒኑ

ይህን ጽሑፍ ከዚህ በላይ የማታነቡት ከሆነ እንኳ ይህችን አንቀጽ አንብቡልን። የነቀዝ ክኒን የሚባለው አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በበር ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅና በጣሪያ ክፍተት ያልፋል። ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሽታው ያስጠነቅቀናል ብሎ መተማመንም አይቻልም። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ወይም ከዚያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ያን ምሽት ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችን ራሱ ይህን አንቀጽ እንድንጽፍ ጠይቆናል።

እናንተም ሞክሩት

የሚያስፈልጋችሁ ነጭ ወረቀት፣ ማጉያ መነጽርና ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ጢንዚዛዎቹን ለጥቂት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ከዚያ በቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. ኩምቢ አለው? ካለው ሲቶፊለስ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ነጥብ የሌለውና ወጥ ጥቁር ከሆነ የጎተራ ነቀዝ ነው። አራት ነጥብ ካለው የሩዝ ወይም የበቆሎ ነቀዝ ነው፤ የደረት ጋሻውን መሃል እዩ።
2. ኩምቢ የለውም፣ ጠፍጣፋና ቀይ ቡናማ ነው? አንቴናውንና የዓይኖቹን ርቀት እዩ።
3. ጥራጥሬ ላይ ነው፣ አጭርና ደንዳና ነው? እንቁላሉ ፍሬው ላይ መለጠፉን፣ ከዚያ አንቴናውን እዩ።
4. ምልክቱ ካልታያችሁ የደረሳችሁበት ደረጃ ላይ ቁሙ። «ሲቶፊለስ» ብሎ መጻፍ የተሳሳተ የዝርያ ስም ከመጻፍ ይሻላል።

ከየጆንያው የወሰድናቸውን በትናንሽ ብልቃጦች አድርገን ጀመዓው ቢሮ አስቀምጠናል። በብልቃጦቹ ላይ እህሉ፣ የተገኘበት ቀንና የለየንበት ምልክት ተጽፏል። አንደኛው ላይ «የበቆሎ ነቀዝ፣ ወንድ፣ ተከፍቶ የታየ» ይላል። ከጎኑ ያለው ትልቁ ብልቃጥ ላይ ግን «ሲቶፊለስ፣ ባለ አራት ነጥብ» ብቻ ነው የሚለው። ከዙሁር ሰላት በኋላ ቢሮው ክፍት ነው፤ ማጉያውም እዚያው ነው። ከቤታችሁ ያገኛችሁትንም ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናያለን፣ ኢንሻ አላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።